የአራት ኪሎው የሕፃናት ክሊኒክ፦ እጃቸው የታመነ፣ ኮምፒውተራቸው የሚጠረጠር

የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ እዚያ ያየሁት ጉድለት በሌሎችም ዘንድ እንዳለ ከደንበኞቼ ሰምቻለሁና አንዱን ብቻ ነጥሎ ማማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ የሚገኝ ነው። የልጄን ዕድገት ከስድስት ወሯ ጀምሮ እዚያ አስከታትላለሁ፤ አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለልኬቱና ለሐኪሟ ሲባል የሚሄዱበት ቤት ነው፤ አትመው የሚሰጡት ባለቀለም ወረቀት ግን ሳይመረመር ቦርሳ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ለሙሽራም፣ ለክርስትናም፣ ለተማሪ ዩኒፎርምም እለካለሁ። ሜትር የያዘ ሰው ሳይ ዓይኔ እጁ ላይ ይተከላል፤ ይህ ጠባዬ በክሊኒኩ ውስጥ ወዳጅም ባላጋራም አፍርቶልኛል።

አገልግሎቱ የጤነኛ ሕፃን ክትትል ነው። ልጅ ሳይታመም በቀጠሮ ይመጣል፤ ክብደቱ፣ ቁመቱና የጭንቅላቱ ዙሪያ ይለካል፤ ሐኪም ያየዋል፤ ከዚያ ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር የት ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ታትሞ ይሰጣል። ለካርድ 300 ብር፣ ለክትትሉ 700 ብር ይከፈላል። ወንበሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተሥሏል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጮኻል። ስለ መጠበቂያው ክፍል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ልኬት ክፍሉ እንግባ። እዚያ የሚሠሩት ሲስተር በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በእርሳቸው ዘንድ ልጅ ከነዳይፐሩ ሚዛን ላይ አይወጣም። ብርድ ነው ብትሏቸው ማሞቂያውን አስጠግተው ይለኩሱላችኋል እንጂ በሐሳባቸው ይጸናሉ። መጀመሪያ ላይ አጥብቀው የያዙት ነገር ሥርዓት ለማስከበር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቁጥሩን ሲነግሩኝ ግን ገባኝ። ከዘጠኝ ወር በኋላ አንዲት ጤነኛ ሴት ልጅ በወር የምትጨምረው በአማካይ ከ200 እስከ 300 ግራም ነው። የረጠበ ዳይፐር የአንድ ወር ዕድገት ያህል ሊመዝን ይችላል ማለት ነው። ባለፈው ወር ራቁቷን፣ በዚህ ወር ከነዳይፐሯ የተመዘነች ልጅ ምንም ሳትጨምር የጨመረች ትመስላለች።

ቁመት ሲለኩ ደግሞ የበለጠ ይጠነቀቃሉ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተኝቶ ነው የሚለካው፤ ለዚህም ራስጌው የማይነቃነቅ፣ ግርጌው የሚንሸራተት የእንጨት ሰሌዳ አላቸው። ሥራው የሁለት ሰው ስለሆነ እናትን ያሠማራሉ። «ልጄ፣ ጭንቅላቷን ወደ ራስጌው አስጠግተሽ ያዢልኝ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ይይ» ይሉና እርሳቸው ጉልበቷን በቀስታ ተጭነው፣ ተረከዟን ከግርጌው አገናኝተው ያነባሉ። ከዚያ ልጅቱን ያነሡና እንደገና ያስተኟታል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ሦስተኛ ይለካሉ። እኔ ለሙሽራ ቀሚስ የማላደርገውን ጥንቃቄ እርሳቸው እያለቀሰች ለምትወራጭ ሕፃን ያደርጉታል።

እርሳቸው በሌሉበት ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ባለሙያ ልጄን የምርመራ አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ በራሷና በእግሯ በኩል አንሶላው ላይ ምልክት አድርጎ፣ በጨርቅ ሜትር ለካት። ውጤቱ ካለፈው ቀጠሮ በ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሆነ። «ወንድሜ፣ ልጅ አያጥርም» አልኩት። ሳቀና ቁጥሩን መዘገበ። እኔ አልሳቅሁም። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ እንደሚለጠጥ፣ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሰውን እንደሚያሳጥር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ክፍል አልነበረም። በአንድ ዓመት ዕድሜ 2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ 72.5 ሴንቲ ሜትር የሆነችን ሴት ልጅ ከመቶ እኩዮቿ መካከል፣ ከታች ሲቆጠር፣ ከ28ኛ ቦታ ወደ 9ኛ ያወርዳታል። ሰሌዳው እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እስኪመጣና እንደገና እስክትለካ ድረስ ከክፍሉ አልወጣሁም።

አሁን ስለ ልደት ቀኑ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ልጄ የተወለደችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 2023 ማለት ነው። አንድ ዓመት በሞላት ሰሞን ለቀጠሮ ስንሄድ ክሊኒኩ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት አስገብቶ የሁሉንም ልጆች መረጃ እንደ አዲስ ይመዘግብ ነበር። ሲስተር ለኩ፤ 8 ኪሎ፣ 72.5 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ታትሞ የመጣው ወረቀት ቀይ በቀይ ሆኖ መጣ። በክብደት ከመቶው ከመጨረሻዋም በታች፣ በቁመት ደግሞ «ከባድ መቀንጨር» ይላል፤ ቁመቷ ለዕድሜዋ እጅግ አጭር ነው ማለት ነው።

ይህ ቃል በአገራችን ቀላል ቃል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች መካከል 38 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መንግሥትም አስቀድሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የሰቆጣን ቃል ኪዳን ገብቷል። እንዲህ ያለውን ቃል በቀይ ቀለም አትሞ በእናት እጅ ማስቀመጥ በሕግ ፊት ብይን እንደመስጠት ይከብዳል። አጠገቤ የነበረች ሴት ወረቀቱን አሾልካ አይታ «አይዞሽ» አለችኝ። ልጄ በዚያን ሰዓት የመጠበቂያ ክፍሉን ወንበር ተደግፋ እየዞረች የሰው ጫማ ትፈታ ነበር።

ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ አነበብሁት። ዕድሜ፦ 20 ወር ይላል። የአንድ ዓመት የልደት ቀሚሷን ገና ሰፍቼ መጨረሴ ነው! ካርድ ክፍል ተመልሼ ስመለከት፣ ጸሐፊዋ «10/4/2016» የሚለውን ስትገለብጥ ዓመቱን ብቻ ቀይራ ወሩን እንዳለ ትታዋለች። ታኅሣሥ በእኛ አራተኛ ወር ነው፤ በእነርሱ አራተኛው ወር ግን ኤፕሪል ነው። ኮምፒውተሩም ልጄን ስምንት ወር አስረጅቶ ከሃያ ወር ልጆች ጋር አሰለፋት። ቀኑ ሲታረም ያው 8 ኪሎና ያው 72.5 ሴንቲ ሜትር በክብደት ከ17ኛ እስከ 18ኛ፣ በቁመት 28ኛ አካባቢ ሆነ። ቀዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ገንዘብ ግን አልመለሱም። ከእኔ በፊት የነበሩት ልጆች ወረቀትስ ይታያል ወይ ብዬ ብጠይቅ ግልጽ መልስ አላገኘሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ጸሐፊ በመስከረም የተወለደን ልጅ አንድ ሙሉ ዓመት ታናሽ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የከሳው ልጅ ወፍራም ሆኖ ይወጣል። በዚህኛው ማንም አይደነግጥም፤ ስለዚህ ማንም አያርመውም። እኔን ያስፈራኝ የልጄ ቀይ ወረቀት ሳይሆን እንዲህ ያለው አረንጓዴ ወረቀት ነው።

ስለ ፐርሰንታይሉ፣ ማለትም ልጅ ከመቶ እኩዮቹ መካከል ስላለው ቦታ፣ ጥቂት ልበል፤ ክሊኒኩ በወረቀቱ ላይ ያትመዋል እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳም፣ ከዶክተሯ በቀር። አማቴ ወረቀቱን ሲያዩ «ከመቶ አሥራ ስምንት? ይኼማ መውደቅ ነው!» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በአገራችን ከመቶ የሚሰጥ ቁጥር ሁሉ የፈተና ውጤት ነው። ዶክተሯ ለእኔ ያስረዳችበት መንገድ ለእርሳቸውም ሠራ፦ በዕድሜዋ የሚተካከሉ አንድ መቶ ጤነኛ ሴት ልጆች ከቀላሏ ጀምሮ እስከ ከባዷ ቢሰለፉ፣ ልጄ አሥራ ስምንተኛዋ ላይ ትቆማለች። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሁሉም ጤነኞች ናቸው። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ መቆሟ ግድ ነው። የሚያሠጋው ክልል የሚጀምረው ከታችኛው ጫፍ፣ ሦስተኛዋ አካባቢና ከዚያ በታች ነው። አማቴም «እንግዲያው ቀጭን ናት እንጂ አልታመመችም» ብለው አጥሚታቸውን መቀቀል ቀጠሉ፤ አጥሚቱን ለማስቆም የተሞከረ ነገር የለም።

ዶክተሯ በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ሽሮፕ ለማዘዝ አትቸኩልም። ዋጋዋን ያወቅሁት ልጄ ዘጠኝ ወር በሞላት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ተቅማጥ ይዟት ሰንብቶ ነበር። በስድስት ወሯ 6.7 ኪሎ ነበረች፤ ከመቶው 23ኛ አካባቢ። በዘጠኝ ወሯ 7.1 ሆነች፤ ይህ ደግሞ 10ኛ አካባቢ ነው። ክብደቷ ጨምሮ ሳለ ቦታዋ ወረደ። እኔ ኪሎውን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ነጥቦቹን የሚያገናኘውን መስመር አይታ ዝም አለች። ከዚያ ምን እንደምትበላ፣ ስንት ጊዜ እንደምትጠባ፣ ውኃው እንደሚፈላ ጠየቀችኝ። በሠንጠረዡ ላይ ከታተሙት የፐርሰንታይል መስመሮች አልፎ አልፎ አንዱን መሻገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተለመደ መሆኑን፣ ሁለት ዋና መስመሮችን ተሻግሮ መውረድ ግን ምክንያቱ መመርመር እንዳለበት ነገረችኝ። በወሩ እንድንመለስ ቀጠረችን። መስመሩ በዚያን ጊዜ ቀና ማለት ጀምሮ ነበር፤ በዓመቷ ወደ 18 ተመለሰች፤ እስካሁንም እዚያው አካባቢ ናት። መድኃኒት አልታዘዘም፤ ገንፎዋ ላይ እንቁላልና ዘይት ተጨመረ፤ ከተቅማጡ ያገገመች ልጅ የምትበላውን በላች።

ከሐኪሟ ክፍል ስትወጡ ግን በመውጫው ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ይጠብቃችኋል። በሕንፃው ውስጥ ነው፤ ከክሊኒኩ ጋር ያለውን ዝምድና አላጣራሁም። የቆመችው ሻጭ ወረቀቱን ተቀብላ ታይና ከሃምሳ በታች ለሆነ ልጅ ሁሉ የዱቄት ወተትና «የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ» ታቀርባለች። «ከሃምሳ በታች ናት እኮ!» ትላለች፣ እንደ ሐዘን መልእክተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከጤነኛ ልጆች ግማሾቹ ከሃምሳ በታች ናቸው፤ ሃምሳ ማለት መካከል ስለሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም። በዚህ ስሌት የአዲስ አበባን ግማሽ ጤነኛ ሕፃን ሽሮፕ ማጠጣት ይቻላል። ገንዘቡን ለእንቁላል አውሉት።

ባለቤቴ በበኩሉ ሌላ ጥርጣሬ ነበረው፦ «ይህ የፈረንጅ ልጅ ልክ ነው፤ እኛን በምን ያውቀናል?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ጥሩ ነው። ክሊኒኩ የሚጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መለኪያ ነው። ለዚያ ሥራ ከ1997 እስከ 2003 ድረስ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ልጆች ተለክተዋል። የተመረጡት እናቶቻቸው ጡት የሚያጠቡ፣ ሲጋራ የማያጨሱ፣ ኑሯቸውም ልጅን በሚገባ ለማሳደግ የሚያስችል ነበር። የአክራ ልጅና የኦስሎ ልጅ እንዲህ ባለ አያያዝ ሲያድጉ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቁመታቸው እጅግ የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚናገረው ልጅ በደህና ቢያዝ እንዴት እንደሚያድግ ነው።

ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በስልኳ አስልታ የላከችልኝ ቁጥር ከክሊኒኩ ያነሰ የሆነውም በዚህ የተነሣ ነው። የእርሷ መተግበሪያ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአሜሪካ ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ እዚያ ውስጥ በጡጦ ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ጡት የሚጠባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ ይጨምርና በኋላ ረጋ ይላል፤ ከጡጦ ልጆች ጋር ሲለካ ያለ ጥፋቱ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ራሱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅቱ ሠንጠረዥ እንዲወሰድ ይመክራል። ሠንጠረዦቹ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስለሚገኙ አሳትማችሁ ቤት ብትሰቅሉ ማንም አይከለክላችሁም።

ክትባቱን የማስከትበው በወረዳችን ጤና ጣቢያ ነው፤ ኩፍኙን በዘጠኝ ወሯና በዓመት ከሦስት ወሯ፣ ቫይታሚን ኤውንም እዚያው ወስዳለች። ሁሉም በነፃ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፤ እናት ትጋፋለች። ነገር ግን እዚያ ያለችው ባለሙያ ልጄን መዝና በካርዷ ላይ ነጥብ በእስክሪብቶ ታደርጋለች፤ ነጥቦቹንም በመስመር ታገናኛለች። የአንድ ሺሕ ብሩ ክሊኒክ የሚያትመው ወረቀት ግን የዕለቱን ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው። ያለፈውን ካልጠየቃችሁ አይጨምሩትም። በዘጠኝ ወሯ የሆነውን ያየነው ዶክተሯ የቆየውን ፋይል አስመጥታ በእጇ መስመር ስለሰመረች ነው። ለአንድ ቀን ብቻ የተሰጠ ቁጥር ልጅቱ እየወጣች ይሁን እየወረደች አይናገርም። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስከፍል ቤት በካርዷ ላይ ያለውን ያህል መስመር ማተም ያቅተዋል ብዬ አላምንም። በአስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

እናቶች ሆይ፣ ስትሄዱ የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ለካርድ ክፍሏ ስጡ፤ ወረቀቱ ሲታተም ከሁሉ በፊት ዕድሜውን አንብቡ። «ያለፉትም ነጥቦች አብረው ይታተሙልኝ» በሉ፤ ይችላሉ፤ አንድ ቁልፍ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ልጆች ቆመው መለካት ይጀምራሉ፤ ቆሞ የሚለካ ሰው ተኝቶ ከሚለካው በ0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በዚያ ቀጠሮ ልጁ እንዴት እንደተለካ በኮምፒውተሩ ላይ በትክክል መሞላቱን ጠይቁ። ሲስተር ያስታውሱታል፤ ካርድ ክፍሏ ላታስታውሰው ትችላለች።

ሲስተር የሚገቡት ጠዋት ጠዋት ሲሆን ቅዳሜ የሉም። ቅዳሜ ቀጠሮ ከሰጧችሁ አስቀይሩት።